ወንበር ላይ ያበረርኩት ሄሊኮፕተር

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይመዝገብልኝ፤ እኔ ጤነኛ ነኝ። ይህን የምለው ማንም ስለጠየቀኝ አይደለም። ችግሩም እሱ ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ዛሬ ከደመና በታች፣ ከጥጥ እርሻ በላይ ነበርኩ። አሁን ግን ይህን የምጽፈው ላፍቶ፣ እናቴ ቤት፣ አንድ እግሩ የሚነቃነቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ወንበሩን ያዙልኝ። የነገሩ ሁሉ ጥፋተኛ እሱ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህሩ "ገብቷችኋል?" ሲል ባይገባኝም ቅር እንዳይለው ብዬ አንገቴን የምነቀንቅ፣ አምስት ገጽ ጻፉ ስንባል ሰባት የምጽፍ ሰው ነኝ። ይህን የማወራው ለመመካት አይደለም። የደረሰብኝ ሁሉ ከስንፍና ሳይሆን ከትጋት የመጣ መሆኑን እንድታውቁልኝ ብዬ ነው። ሰነፍ ብሆን ምንም አይደርስብኝም ነበር። ሰነፎቹ ዛሬ እየበረሩ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት በጥጥ እርሻዎች ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች አሉት፤ አብራሪ ግን አጥሮታል። ስለዚህ ከተማሪዎች መካከል ፈትኖ ሊያሠለጥን አሰበ። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። አሥራ ሁለት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስምንት ሳምንት የሚፈጀውን ትምህርት በወረቀት ጀመርን። የሚያስተምሩን ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ደረጃውን አስረዱን። በቅድሚያ የሚገኘው የግል አብራሪነት ፈቃድ ነው፤ ሰው ሳይጭኑ፣ ዋጋ ሳይቀበሉ፣ ራስን ይዞ መብረር ማለት ነው። ወደ ርጭቱ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው።

ሄሊኮፕተር ሦስት ነገር ይፈልጋል አሉን። በጉልበቶቻችሁ መካከል የሚቆም ዘንግ አለ፤ ከወንበሩ በስተግራ ወደ ላይ የሚሳብ ማንሻ አለ፤ ከእግራችሁ ሥር ሁለት ፔዳሎች አሉ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ያላስማማ ሰው ማሽኑን አያበርም፤ ማሽኑ ነው እሱን የሚያበረው። በተለይ ዘንጉን እንደ ጫጩት ያዙት አሉ፤ ለቀቅ ካደረጋችሁት ያመልጣል፣ ከጨበጣችሁት ይሞታል። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጡን። በየማለዳው ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ሦስቱን በእጃችን ባገኘነው ነገር ተክተን፣ የምናደርገውን ሁሉ ድምፅ አውጥተን እየተናገርን እንድንለማመድ። "ወንበር ላይ ያላበረረ ሰው የእኔን ማሽን አይነካም" አሉ።

አሥራ አንዱ ሳቁ። እኔ ጻፍኩት፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በመጨረሻ ለእያንዳንዳችን አንድ ቅጽ ታደለን። ሠልጣኙ የሚኖርበት ቀበሌ ስለ ጠባዩና ስለ ጤንነቱ በሦስት ጎረቤቶች ምስክርነት አረጋግጦ፣ አሽጎ ይልካል። በሦስተኛው ሳምንት አርብ ያላመጣ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ቅጹ ላይ "ለሥልጠና" ከማለት በቀር ሄሊኮፕተር የሚል ቃል የለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ ያስፈልገኛል።

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። አንድ ልጇ ነኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ አንድም ሁለትም እኔው ነኝ። ከፍታ አትወድም። ጣሪያ ላይ ወጥቼ የሚያፈስ ቆርቆሮ ስደፍን መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትቆመው። ሄሊኮፕተር የሚባለውንም የምታውቀው ወታደር ጭኖ ወደ ሰሜን ሲሄድ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ ትምህርት አለኝ አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም። ተጨማሪ ነው፤ ትምህርትም ነው።

ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ልምምዱን ግቢ አደረግሁት። ያን ወንበር አወጣሁ። የመጥረጊያውን እንጨት ነቅዬ በጉልበቶቼ መካከል አቆምኩ። ለማንሻው ከእናቴ ዘነዘና የተሻለ አላገኘሁም። አንድ ጣውላ በድንጋይ ላይ አጋድሜ እግሮቼን በሁለቱ ጫፎች ላይ ሳደርግ፣ ግራው ሲወርድ ቀኙ የሚነሣ ፔዳል ወጣው። አብራሪዎች ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉትን በሱፍ ቆብ ተካሁት፤ እስከ ቅንድቤ ሳብኩት። የሞተሩን ድምፅ በአፌ ማሰማቴን ሻምበሉ አላዘዙኝም። እሱ የራሴ ትጋት ነው።

በነጋታው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ፤ ማለቴ ከመሬት ተነሣሁ። የአውሮፕላን ማረፊያውን መቆጣጠሪያ ማማ ጠርቼ "ማማ፣ ማማ፣ ለመነሣት ፈቃድ እጠይቃለሁ" አልኩ። መልሱን ለመስማት የሚገባውን ያህል ጠበቅሁ። "አመሰግናለሁ" ብዬ ማንሻውን ሳብኩ። በላፍቶ ላይ አንድ ጊዜ ዞሬ፣ ወደ ጀሞ ተራራ ሄጄ፣ ነፋስ ሲገፋኝ በግራ እግሬ አስተካክዬ በሰላም አረፍኩ። በጣም ጥሩ በረራ ነበር።

እትዬ ዘነበች በበኩላቸው በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ያዩት ሌላ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ጎረምሳ ገና በማለዳው የሱፍ ቆብ አጥልቆ፣ በአንድ እጁ መጥረጊያ በሌላው ዘነዘና ይዞ፣ እግሮቹን እያፈራረቀ፣ "ድርርር" እያለ ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል። ማውራቱ እንኳ ባልከፋ፤ ጸጥ ብሎ መልስ ይሰማል፤ ሰምቶም ያመሰግናል።

እዚህ ላይ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። "ልጄ፣ ምን እየሠራህ ነው?" ቢሉኝ ምን ነበረበት? አራት ቃል ነው። እኛ ሰፈር ግን የታመመን ሰው ምን ሆንክ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ እሱ ሳይሰማ ይለቀስለታል። እትዬ ዘነበች ደግሞ ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ሰው ታሞ ካልጠየቁ እህል የማይወርድላቸው፣ እኔን በአራስነቴ አቅፈው ያሳደጉ ሴት ናቸው። አራት ማለዳ እያነቡ አዩኝ። በአምስተኛው ቀን በቀበሌው ሱቅ የስኳር ወረፋ ላይ አብረዋቸው ለቆሙት አካፈሉ።

እኔ ምን አውቄ። በሚቀጥለው ሳምንት ስኳር ልገዛ ስሄድ ከወረፋው ጫፍ ያሉ ሴቶች እጄን ይዘው ከፊት አቆሙኝ። የሥልጠናው ወሬ አምልጦ አከበሩኝ ብዬ አሰብኩ። በትሕትና እጅ ነሣሁ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። በዚያች ቀን ማታ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሸምሱ ጠርተው አንድ እሽግ ብስኩት ሰጡኝ፤ ዋጋውን አልቀበልም አሉ። ጋሽ ሸምሱ ሰፈራችን ከገቡ ጀምሮ በነፃ የሰጡት ነገር ቢኖር ሰላምታ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንኳ መንቃት ነበረብኝ።

"አብሽር" አሉኝ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀቁ። "ወጣት ነህ። ያልፋል።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ሸምሱ። ገና ስድስት ሳምንት ይቀረኛል" አልኳቸው።

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

በመጨረሻ እናቴ ሰማች። እራት ላይ ሳህኑን ወደ እኔ እየገፋች ጠዋት ጠዋት ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀችኝ። ከእንግዲህ መደበቁ አይጠቅምም፤ እናትን ማታለልም ደግ አይደለም ብዬ እውነቱን ለመናገር ቆረጥኩ። የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው።

"ከማማው ጋር ነው፣ እማዬ።"

"የት ያለ ማማ?"

"ቦሌ።"

"አንተስ የት ሆነህ?"

"ሄሊኮፕተር ውስጥ።"

እናቴ ወንበሩን አየችው። እኔን አየችኝ። እንደገና ወንበሩን አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ስለ ሻምበሉ፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ተባዩ አስረዳኋት፤ ባስረዳኋት ቁጥር ባሰባት። ማስረጃ አምጣ ብትለኝ ያለኝ ያ ቅጽ ነው፤ በእሱ ላይ ደግሞ ሄሊኮፕተር የሚል ቃል የለም። በማግሥቱ መጥረጊያውና ዘነዘናው ከቤት ጠፉ። እትዬ ዘነበች ቤት ነበሩ።

ቅዳሜ ሳይነጋጋ እናቴና እትዬ ዘነበች ከሀና ማርያም ወዲያ ወዳለ ምንጭ አጅበን አሉኝ። ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ገደል እንዲወርዱ መተው ትክክል ስላልመሰለኝ አጀብኩ። ስንደርስ ለካ የታጀብኩት እኔ ነኝ። ልብሴን አውልቀው ከውኃው ሥር አቆሙኝ። ውኃው የጥቅምት ማለዳ ውኃ ነው፤ ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም። አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው በታላቅ ድምፅ ስምህ ማነው አሉኝ። በውስጤ አለ ያሉትን እንጂ እኔን እንዳልጠየቁ ያወቅሁት በኋላ ነው። ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ዝም አይባልምና ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ነገርኳቸው። ከየት መጣህ አሉ። ከላፍቶ አልኩ። መቼ ነው የምትወጣው ብለው ጮኹ። ብርዱ ስለጠናብኝ "አሁኑኑ ብወጣ ደስ ይለኛል፤ ከሰዓት በኋላ ትምህርት አለኝ" አልኩ።

እትዬ ዘነበች እልል አሉ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ማለዳ ሄድን።

ከዚያ ወዲያ ልምምዱ ቀረ። መጥረጊያ የለ፣ ዘነዘና የለ፣ በየማለዳውም ንፍጤን ስጠርግ ነው የምውለው። ሰፈሩ ግን "ሕመሙ ተወው" ተባባለ። ወረፋ ላይ ወደ ኋላ መለሱኝ። ጋሽ ሸምሱ ለሁለተኛው ብስኩት ዋጋ ጠየቁኝ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ዳንኩ ማለት ነው።

አርብ እየቀረበ ስለነበር ቅጹን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ሦስቱ ምስክሮች እትዬ ዘነበች፣ ጋሽ ሸምሱና የዕድራችን ዳኛ ነበሩ። እኔ ውጪ አግዳሚ ላይ ጠብቅ ተባልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስቱም ተራ በተራ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ወጡ። እትዬ ዘነበች ጆሮዬን ሳብ አድርገው አይዞህ፣ ጥሩ አድርገን መስክረንልሃል አሉኝ። የታሸገው ፖስታ ተሰጠኝ። ጠንቃቃ ስለሆንኩ ወደ ብርሃን አንሥቼ እንኳ አላየሁትም።

አርብ ዕለት ሻምበሉ ፖስታውን ከፈቱ። አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ አጥልቀው እንደገና አነበቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ፦

"ተማሪው የቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆኑ ጠባያቸው የተመሰገነ ነው። ቀደም ሲል ራሳቸውን ሄሊኮፕተር ውስጥ እንዳሉ አድርጎ የማየት ሕመም ደርሶባቸው የነበረ ቢሆንም፣ በሰፊው ሕዝብ ያላሰለሰ ጥረት ሙሉ በሙሉ የዳኑ መሆኑን ሦስት ምስክሮች አረጋግጠዋል። ከእንግዲህ የሄሊኮፕተርን ነገር ፈጽሞ የማያነሡ መሆናቸውን እየገለጽን፣ ለተፈለገው ሥልጠና አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በአብዮታዊ ሰላምታ እንጠይቃለን።"

ሰፊው ሕዝብ የተባለው ምንጩ መሆኑን የነገሩኝ ኋላ ላይ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ጸሐፊው ፀበል ብሎ ጽፎት ነበር አሉ። ሊቀመንበሩ ይህ በቀበሌ ማኅተም አይሄድም ብለው ቀየሩት።

ሻምበሉ ደብዳቤውን አስቀመጡ። "ወንበር ላይ ነው?"

"አዎ፣ ሻምበል።"

"ድምፅ አውጥተህ?"

"አዎ፣ ሻምበል።"

"ከጓደኞችህ መካከል ሌላ ይህን ያደረገ አለ?"

እንጃ አልኩ። እሳቸው ግን ያውቁ ነበር። ወንበሩን ለስንት ዓመት ለስንት ሠልጣኝ እንዳዘዙ፣ አንድም ሰው ሠርቶት እንደማያውቅ ነገሩኝ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ሳቅ አልነበረም። ሊያቅፉኝ የፈለጉ መሰለኝ። ይሁን እንጂ ወረቀቱ በመዝገብ ገብቷል፤ የሐኪሞች ቦርድ ያነበዋል። ስለዚህ የሄሊኮፕተር ሠልጣኝ መሆኔን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ማስታወሻ ጻፉልኝና፣ ሰኞ እስከ ቀትር አዲስ ደብዳቤ ካላመጣሁ አሥራ ሦስተኛው ልጅ በቦታዬ እንደሚገባ ነገሩኝ።

ሮጬ ቀበሌ ደረስኩ። ሊቀመንበሩ ማስታወሻውን ሲያነቡ "የግል አብራሪነት" የሚለው ላይ ቆሙ። ትርፍ ቤት በተወረሰበት አገር የግል ሄሊኮፕተር ምን ማለት ነው አሉኝ። ሄሊኮፕተሩ የመንግሥት መሆኑን፣ የግሌ የሆነው ፈቃዱ ብቻ መሆኑን ላብ በላብ ሆኜ አስረዳሁ። እሱን ካለፍኩ በኋላ ደግሞ ይህን አመጡ፦

"አልታመምኩም ካልክ አልዳንክም። አልዳንክም ማለት ደግሞ አሁንም ታመሃል። እኛ ቢያንስ ድኗል ነው ያልነው።"

የመጀመሪያ ዓመት የሎጂክ ትምህርት ለዚህ አይበቃም። በመጨረሻ ግን ራሩልኝ መሰለኝ፤ ሦስቱ ምስክሮች ሰኞ ሁለት ሰዓት ቀርበው ተሳስተናል ካሉ አዲስ እጽፍልሃለሁ አሉ።

ጋሽ ሸምሱ ማስታወሻውን አንብበው ራሳቸውን ያዙ፤ የመጀመሪያውን ብስኩት ዋጋ ግን እንደማይጠይቁኝ ቃል ገቡ። የዕድሩ ዳኛም እሺ አሉ። እትዬ ዘነበች ወረቀቱን ገለባብጠው አዩና ማኅተም ማንም ያስቀርጻል አሉ። ቆይተው ለእናቴ ሲሉ ተስማሙ፤ በአንድ ነገር ብቻ። እስከ ሰኞ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አያነሡም፤ ደህና ከሆንኩ ይመሰክራሉ።

የቀረችው እናቴ ናት። ምስክር አይደለችም፤ ያለ እሷ ፈቃድ ግን የትም አልሄድም። ማኅተሙን በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። ልጇ ጤነኛ ነው ተባለች፤ ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷ ጠቆረ።

"እውነትህን ነበር?"

"እውነቴን ነው፣ እማዬ።"

"ወደ ላይ ልትወጣ?"

"አዎ።"

"ታዲያ አብደህ ብትቀርልኝስ?" አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሻምበሉ ስንት ጊዜ በረው ስንት ጊዜ በሰላም እንዳረፉ፣ ለጡረታም እንደበቁ ነገርኳት። ጡረታ የሚለውን ስትሰማ ትንሽ ተነፈሰች። ሲነጋ "በል ሂድ፤ ግን አስቀድመህ ስለቴን አግባልኝ" አለችኝ። ከዳንኩላት ለብስራተ ገብርኤል ትልቅ ጃንጥላ ተስላ ኖሯል።

"ያልታመምኩትን?"

"እኔ ስሳል ታመህ ነበር።"

እሁድ ሆነ። ጃንጥላው ቀይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ዘንጉ ረጅም ነበር። እንደ ወጉ የዳነው ሰው ራሱ ዘርግቶ ይዞ ይሄዳል። ከፊት እኔ፣ ከኋላዬ እናቴ፣ ከእሷ ቀጥሎ እልል የሚሉት የሰፈራችን ሴቶች፤ በአንድ ጎኔ ደግሞ ቃላቸውን የጠበቁት እትዬ ዘነበች፣ ዓይናቸው እኔ ላይ። ጋሽ ሸምሱ እንኳ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረኝ። እጆቼን ዘንጉ ላይ፣ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ እንደ ደህና ሰው ተራመድኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲታየን፣ ዳገቱ ራስ ላይ ነፋሱ መጣ። ጃንጥላው ተነፋ። ዘርፉ ተንጫጫ፤ ዘንጉ ከእጄ ሊመነጨቅ ሆነ፤ ተረከዞቼ ከመሬት ተላቀቁ። ሴቶቹ እልልታውን አቋርጠው "በስመ አብ" አሉ። ያ ጃንጥላ ቢሰበር፣ ወይም ጭቃ ላይ ቢወድቅ፣ እናቴ በሕይወቷ ሙሉ አትጽናናም። ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ዘንጉን መጨበጤን ተውኩና እንደ ጫጩት ያዝኩት። ግራ እጄ በራሱ ጊዜ ከጎኔ ዝቅ አለ። ግራ እግሬ ጫን፣ ቀኝ እግሬ ላላ፤ ግራ ጫን፣ ቀኝ ላላ። ጃንጥላው ወደ ነፋሱ ዞረና ጸጥ አለ። በዚያ ሁሉ ነፋስ ውስጥ አየር ላይ እንደተቸነከረ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ዘርፉ እንኳ አልተነቃነቀም። ከደስታዬ ብዛት "ማማ፣ ደህና ነኝ" ያልኩት እኔ ነኝ አሉ። አላስታውሰውም።

ሻምበሉ ቢያዩኝ ኖሮ ፈቃዱን እዚያው ዳገት ላይ ይፈርሙልኝ ነበር። ያዩኝ ግን እትዬ ዘነበች ናቸው።